ስህተት ጣይ፣ የሚጮኸውን ስሚ

«ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ያሳደገችን አያቴ፣ ልጅ አዋቂው ‹እታለም› የሚላት፣ ካረፈች በሚመጣው ወር ዓመት ይሞላታል። እታለም ሁለት ነገር ነበራት፤ ቤተሰቧና ካርታዋ። ቅዳሜ ከሰዓት ረከቦት ሲቀርብ ካርታውም አብሮ ይቀርባል። በገንዘብ ተጫውታ አታውቅም፣ በሽምብራ ነበር። ኮንከር ነው ጨዋታው፤ ካርታ እየሳቡ እየጣሉ ስብስብ ጠረጴዛ ላይ የሚያወርዱበት፣ ቀድሞ የጨረሰ ‹ዘጋሁ› የሚልበት። በሁለት ፓኬት፣ ለሰው 13፣ ጨዋታውን ለሚጀምረው 14 ታድላለች። ተከታታዩን ‹መሰላል›፣ ተመሳሳይ ቁጥሩን ‹ወንድማማች›፣ ጆከሩን ‹እንግዳ› ትለዋለች። ነጥብ የጻፈችባቸው ሦስት ደብተሮች አሉን። በዓመቷ ቀን ተሰብስበን እንጫወትላት ብል ትልቁ አጎቴ ‹እናቴን ቁማርተኛ አታስመስሏት› ብለው ተቆጡ። ባለፈው ፋሲካም ልንጫወት ቁጭ ብለን ሕጉ ላይ ተጣልተን ተነሳን፤ ሁሉም ‹እታለም እንዲህ ነበር የምትለው› ይላል። ካርታዎቿ አርጅተዋል፣ የልብ 7 እና አንድ ጆከር ጠፍቷል። ታናሽ እህቷ ሐይቅ ከተማ አሉ፣ 78 ዓመታቸው ነው። ቤታችን ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። 10 አዋቂና 5 ልጅ እንሆናለን፤ ከእነዚህ ሌላ አንድ የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን ነው። ምን ላድርግ? — ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ»

አብሽሪ እህታችን፤ እታለምንም ነፍስ ይማር። ከጠየቅሽን ሁሉ ጊዜ የማይሰጠው ሕጉ ነው። ካርታው ከሳጥኑ አይወጣም፣ ደብተሩም ቁጥሩን አይቀይርም። ሕጉ ግን ያለው በሰው አፍና በሰው እጅ ላይ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት ደግሞ ሐይቅ ያሉት የ78 ዓመት እናት ናቸው። ቢሆንም ከአጎትሽ እንጀምር፤ እሳቸውን ዘለሽ ብትሄጂ ጨዋታው መሐል ላይ ታገኚያቸዋለሽ።

አጎትሽ የተሳሳቱ አይመስለንም፣ ቢያንስ በቀኑ ጉዳይ። ሙት ዓመት የቤተሰብ ብቻ ቀን አይደለም። ካህናቱ ይመጣሉ፣ የቅሬው (የእድሩ) ሰው ይመጣል፣ እታለምን በስም ብቻ የሚያውቅ የሰፈር ሰው ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ያ ሰው ካርታ ሲበወዝ ካየ በሽምብራ ይሁን በብር ጠጋ ብሎ አይጠይቅም፤ ያየውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቀኑን ለዩት። ተዝካሩ በቀኑ፣ በወጉ ይውጣ። ጨዋታው ከተዝካሩ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ ይሁን፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ዕቃ ማጠብና የተዋሱትን መመለስ ይበላዋል። ቅዳሜነቱን አትልቀቁ፣ የእታለም ቀን ነው። ከመወሰንሽ በፊት ግን የሁለቱንም ወገን የጾም ወቅት እዪ፤ ረመዳን ላይ ከወደቀ ግማሹ ቤተሰብ ቡናውን በዓይኑ ብቻ ነው የሚጠጣው።

አጎትሽን በስልክ አታናግሪያቸው፣ የአክስት ልጆችንም አስከትለሽ አትሂጂ። ብቻሽን፣ ጠዋት፣ ከደብተሮቹ አንዱን ይዘሽ ሂጂ። «እንጫወት ወይ?» ብለሽም አትጠይቂ፤ የዚህ ጥያቄ መልስ እሺ ወይም አይሆንም ስለሆነ አንዴ «አይሆንም» ካሉ በኋላ መመለስ ለትልቅ ሰው ይከብዳል። የራሳቸው ስም ያለበትን ገጽ ግለጪና «ይህቺ ቁጥር ምንድን ናት?» በያቸው። ቁጥሯን ማብራራት ከጀመሩ ሌላው ጣጣ የለውም። ከዚያ ቀኑ ከተዝካሩ መለየቱን፣ ብር እንደማይገባበት፣ በሩም ለቤተሰብ ብቻ ክፍት መሆኑን ንገሪያቸውና ዳኝነቱን ለእሳቸው ስጪ። እምቢ ካሉም እምቢታቸውን አክብሪ፣ ቡናው ላይ ግን ይምጡ።

ሙስሊም ዘመዶችሽን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንበል። ያለ ገንዘብም ቢሆን ካርታን የማይፈቅዱ ዑለማዎች አሉ፤ ይህን የሚከተል ዘመድ «ለእታለም ስትል» ተብሎ መለመን የለበትም። ምግቡን እንዴት እንደምትለዩት ወሎ ቤት ላደገ ሰው አንነግርም።

አሁን ወደ ሕጉ። ፋሲካ ላይ የተጣላችሁት ሕጉን በመጠያየቅ ልታገኙት ስለሞከራችሁ ነው። የቤት ሕግ ሲጠይቁት አይመጣም። ሰው 20 ዓመት የተጫወተውን ጨዋታ «ሕጉን ንገረኝ» ሲባል ሦስት ነገር ተናግሮ ያቆማል፤ የቀረው እጁ ላይ ነው፣ ወይም ሌላው ሲሳሳት ከአፉ የሚያመልጥ ጩኸት ውስጥ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተሩን አንብቡ፣ ቀጥሎ ሐይቅ ሂዱ፣ በመጨረሻ አስጩሁ።

ደብተሮቹን ማንም ሳያገላብጣቸው ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺ። መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፤ ፍላሽ የደበዘዘ እስክሪብቶን ፎቶው ላይ ጭራሽ ያጠፋዋል። በደብተሩ ላይ ምንም አትጻፊ፣ በእርሳስም ቢሆን። ማስታወሻሽን የምትጽፊበት ሌላ ደብተር ያዢ።

ከዚያ ሰው ከጨዋታ የሚወጣበትን ነጥብ ፈልጊ። የተሸናፊው ነጥብ እየተደመረ በሚሄድበት ጨዋታ ገደቡን ያለፈ ሰው አምዱ ይቋረጣል፣ የሌሎቹ ይቀጥላል። ከ15 ያህል ጨዋታ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሰብስቢ፤ አምዳቸው የተቋረጠባቸው ሰዎች የመጨረሻ ድምር፣ ደግሞም ሳይቋረጡ የቀጠሉ ሰዎች የደረሱበት ከፍተኛ ድምር። የተቋረጡት 103፣ 112፣ 101፣ 107 ከሆኑና የቀጠሉት 98ም 100ም ላይ ከታዩ ገደቡ 101 ነው። ከተቋረጡት ትንሹና ከቀጠሉት ትልቁ የተራራቁ ከሆኑ ተጨማሪ ገጾች ያስፈልጉሻል፤ በግምት አትሙዪው። ደግሞ አምድ የሚቋረጠው በሽንፈት ብቻ እንዳልሆነ አስቢ፤ ሰው ቤት መጥቶ ወይም ልጅ አልቅሶም ይቋረጣል። የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም አምድ አንድ መስመር ላይ ከቆመ ገደብ አይደለም፣ ጨዋታው ተነሥቷል።

ቀጥሎ የኤስ ዋጋ። በአንድ ዙር ነጥብ ውስጥ 1 ብቻውን ተጽፎ ካገኘሽ ኤስ በ1 ይቆጠር ነበር፤ ከኤስ በቀር 1 የሚያስይዝ ካርታ የለም። 11 ማግኘት ግን ምንም አያረጋግጥም፣ 9 እና 2 ተደምረውም 11 ናቸው። እንዲሁ 50 ብቻውን ቆሞ ብታዪ «እንግዳው በ50 ይቆጠር ነበር» ለማለት አትቸኩዪ፤ ሳይሞላለት «ዘጋሁ» ያለ ሰው ቅጣትም፣ ምንም ሳያወርድ የተያዘ ሰው ቅጣትም በድፍን ቁጥር ይጻፋል። እንዲህ ያለውን ከነገጹ ምልክት አድርገሽ ለሐይቅ አስቀምጪው።

የስሞቹን ቅደም ተከተልም እዪ። ከጨዋታ ጨዋታ የማይለወጥ ከሆነ የአቀማመጥ ቅደም ተከተል ሳይሆን አይቀርም፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ የመጀመሪያው ስም ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ አዳዩ ይዞር ነበር። ቀን የተጻፈባቸው ገጾች ካሉ እግረ መንገድሽን ማን የትኛው ቅዳሜ እንደነበረ ዝርዝር ያዢ። ማን ቤት መቀመጥ እንዳቆመ፣ የማን ሚስት ከመቼ ጀምሮ እንደመጣች፣ ሕፃኑ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበት ገጽ የቱ እንደሆነ ከዚያ ይወጣል። አጎትሽ ከሁሉም አስቀድመው የሚጠይቁሽ ይህንን እንዳይሆን።

ወደ ሐይቅ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ይጽፋል። ለእናቲቱ ቁጥሩ ጎላ ብሎ የታተመ ካርታ ካገኛችሁ ውሰዱ፣ ዓይናቸው ሲደክም ጨዋታውን የረሱ እንዳይመስላችሁ። የእታለምን አሮጌ ካርታ ግን አትውሰዱ፤ የሟች እህታቸውን ካርታ ድንገት ጉልበታቸው ላይ ማስቀመጥ ጨካኝነት ነው፣ ከዚያ በኋላም ስለ ሕግ የሚያወራ አይኖርም። አቦሉን አሳልፋችሁ ቶናው ላይ ጀምሩ። ስለ ሕግ ምንም ሳትጠይቁ 13 ካርታ እጃቸው ላይ ስጧቸውና ተጫወቱ። እጃቸውን እዩ፤ ካርታውን በምን ይደረድራሉ፣ በምልክቱ ወይስ በቁጥሩ? እንግዳውን የት ያስቀምጡታል? የተጣለውን ሲያነሱ ከላይ አንዷን ብቻ ነው ወይስ ከሥር ያለውን ጭምር? ከአንድ ሰዓት በላይ አታቆዩዋቸው። ካስፈለገ በሌላ ቀን ተመለሱ፤ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለመመላለስ አይከብድም።

ድምፅ ልትቀጂ ከሆነ አስፈቅደሽ ቅጂ። ስልኩን ጥሪ እንዳያቋርጠው ኔትወርኩን አጥፊው፣ የታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጪው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ካርታ በተጣለ ቁጥር የሚሰማው ጓ የሚለው ብቻ ይሆናል፣ የሰዎቹ ድምፅ ከኋላ ይቀራል።

ቀጥሎ ደሴ ላይ የሙከራ ጨዋታ፤ ከቅዳሜው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ። አራት ሰው ይበቃል፣ ፋሲካ ላይ የተጣሉት ይሁኑ። አንዷ ተጫዋች አንቺ ነሽ፣ ሥራሽም ሆን ብሎ መሳሳት ነው። ኩዊን፣ ኪንግና ኤስን መሰላል ብለሽ አውርጂ። ዝም ካሉሽ በሚቀጥለው ዙር ኪንግ፣ ኤስና 2 አውርጂ። አንዱ «እታለም ብታይሽ!» ብሎ ከጮኸ ሕጉን አገኘሽ፤ ኤስ ከኪንግ በላይ ትቆማለች፣ በኪንግና በ2 መካከል ድልድይ ግን አትሆንም። አንዱ ባወረደው መሰላል ውስጥ ያለውን እንግዳ በእውነተኛው ካርታ ተክተሽ ለመውሰድ እጅሽን ዘርጊ። የመጨረሻዋን ካርታ ሳትጥዪ «ዘጋሁ» በይ። የሚሳበው ክምር ሲያልቅ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ አንዱ የተጣለውን ሰብስቦ ሊበውዝ ይነሣል፣ ወይም ሌላው «ፈረሰ!» ይላል። በየጩኸቱ የጮኸው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳለ በራሱ ቃል ይጻፍ፤ «መሰላሉ እንግዳ አያሳድርም» ካለ እንዲያው ይጻፍ። «ጆከር አይፈቀድም» ብሎ ማስተካከል የእታለምን ቃል መጣል ነው።

ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ነገር ከጮኹ ድምፅ አትስጡበት። ሁለቱንም ጻፉና ከየስማቸው ሥር አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «ይህን ሲሉህ ስንት ዓመትህ ነበር?» አያቶች ከ8 ዓመት ልጅ ጋር የሚጫወቱበትና ከጎረመሱ ወንዶች ልጆቻቸው ጋር የሚጫወቱበት ሕግ አንድ አይሆንም። ለልጅ እንግዳው ተመልሶ ይነሣል፣ ለጎረምሳው አይነሣም። ፋሲካ ላይ የተጣላችሁት በሁለት እውነት መካከል ሳይሆን አይቀርም። ለቅዳሜው ግን አንዱ መመረጥ አለበት፤ ያንን አጎትሽ ይምረጡ፣ ዳኝነቱም ለዚህ ነው የተሰጣቸው።

የተገኘው ሕግ ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ በእጅ ይጻፍ፣ የእታለም ቃላት ትርጉማቸው ግርጌ ላይ ይቀመጥ። ሁለት ገጽ ከሆነ ማንም አያነበውም።

አሁን ሒሳቡ። ሁለት ፓኬት 104 ካርታ ነው፤ ከ4 እንግዳ ጋር 108። በአራት ሰው ስታድዪ 53 ይወጣል፣ 55 ለመሳብ ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ 13 ያህል ተራ። በአምስት ሰው 66 ወጥቶ 42 ይቀራል፣ ለሰው 8 ተራ። በስድስት ግን 79 ወጥቶ የሚቀረው 29 ብቻ ነው፣ ለሰው 5 ተራ እንኳ አይሞላም፤ ማንም ሳይዘጋ ክምሩ ያልቃልና ቀኑን ሙሉ ስትበውዙ ትውላላችሁ። በአንድ ፓኬት ለአራት ሰው 13 ማደል ጭራሽ የማይሆን ነው፤ 54ቱ ውስጥ የሚቀረው 1 ካርታ ነው። 10 አዋቂ ከሆናችሁ አምስት አምስት ሆናችሁ በሁለት ጠረጴዛ ተቀመጡ፣ ባልና ሚስት ይለያዩ።

አምስቱ ልጆች የራሳቸው አንድ ፓኬት ይኑራቸው። 7 ካርታ ለሰው፣ ጨዋታውን ለሚጀምረው 8፤ 36 ወጥቶ 18 ይቀራል። ለጀማሪ ልጅ መሰላልን ተዪው፣ ወንድማማች ብቻ ይሰብስብ፤ ተመሳሳይ ቁጥር ዓይን ወዲያው ያየዋል፣ ተከታታይ ለማየት ግን የካርታውን ምልክትና ቁጥሩን ባንዴ መያዝ ይጠይቃል። ትንሽ እጅ ከ7 በላይ ካርታ ዘርግቶ ሲይዝ ለጎረቤቱ ያሳያል፣ ከዚያ ልቅሶ ነው።

ስለዚህ የምትገዢው 5 ፓኬት ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገቡት ሁለቱ ጀርባቸው አንድ ዓይነት ይሁን፤ ከተለያየ የሳብሽው ካርታ ከየትኛው ፓኬት እንደመጣ ሌላው ያያል። ሱቁ ውስጥ እያለሽ ጆከሮቹን ቁጠሪ። የመጫወቻ ካርታ በሁለት ስፋት ይሸጣል፣ 63 ሚሊ ሜትርና 57 ሚሊ ሜትር፤ 13 ካርታ በአንድ እጅ ለመዘርጋት ጠባቡ ይሻላል። ዋናው ነገር ሁለቱን አለማደባለቅ ነው።

የእታለም ካርታ አይጫወትበት። የጎደለውን የልብ 7 ከአዲሱ አምጥተሽ ልትተኪ ትፈልጊ ይሆናል፤ አዲስ ካርታ በአሮጌ መካከል ከጀርባው ይታወቃል፣ ያቺን ካርታ የያዘ ሰው እጁ የተገለጠ ያህል ነው። ጎድሎ ይቀመጥ። ሲቀመጥም ላሚኔት አታስደርጊው፤ ሙቀቱ የካርታውን ልባስ ከፕላስቲኩ ጋር ያጣብቀዋል፣ መመለሻ የለውም። የተቀደደውን በስኮች አታያይዢ፣ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል። በላስቲክ አትሰሪው፣ ጠርዙን ይቆርጠዋል። በደረቅ ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ቀስ ብለሽ ጥረጊው፣ ውሃም ቤንዚንም ሳይነካው። የተጣመመውን በነጭ ወረቀት መካከል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ለሳምንት ጫኚበት። የቡና ጠብታ ካለበት ተዪው፣ ቆሻሻ አይደለም። ከዚያ በወረቀት ፖስታ፣ ፖስታውን በሳጥን። ደሴ ጉም አታጣም፤ ሳጥኑ የውጭ ግድግዳ ተጠግቶ አይቀመጥ፣ እጣን ከሚጨስበትም ይራቅ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብረሽ ብታስገቢ ጥሩ ነው፣ ልጆች ግን እንዳያገኟት።

የዋሽንግተኑን ልጅ በቪዲዮ ላጫውተው አትበይ። ካርታውን የሚያነሣለት ሰው የግድ እጁን ያያል፣ ምስሉ በተቋረጠ ቁጥርም ጠረጴዛው ሁሉ ይቆማል። ነጥብ መዝጋቢ አድርጊው፤ የአንዱን ጠረጴዛ ነጥብ በየዙሩ ጮክ ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፣ እሱ ደብተር ላይ በእጁ ይጽፋል፣ ይደምራል፣ ከገደቡ ያለፈውን ያስወጣል። መስመሩ ቢቋረጥም ቁጥሩ ይጠብቀዋል። ደሴ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን እዚያ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነውና ቀድመሽ ንገሪው፤ ቡናውን እሱም ያፍላ።

ለቡና ቁርስ ቆሎ አቅርቢ፤ ቅቤ የነካው ዳቦ ከካርታ ጋር አይሄድም፣ አንድ ቅባት ያለው ጣት ሁለት ካርታ ያጣብቃል፣ 13 ያልሽው 14 ሆኖ ይገኛል። ሽምብራውን ለአዋቂ 20፣ ለልጅ 10 ብትሰጪ 250 ፍሬ ነው፤ ሩብ ኪሎ ተርፎሽ ያድራል። ጥሬውን ግዢ። የተቆላ ከሆነ ልጆቹ ከሦስተኛው ዙር በፊት ይጨርሱታል፣ አጎትሽም ያግዟቸዋል።